ጌጆቹ አብረው ሲዛቡ የዳሽቦርዱን ሰሌዳ ከመቀየርዎ በፊት ግራውንዱን ይለኩ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን በፈረንጆች አቆጣጠር የ1991 ሥሪት የሆነች ቶዮታ ኮሮላ አለቻቸው፤ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው የከተማው መሀል ሲመላለሱባት ይውላሉ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የነዳጅና የሙቀት ጌጆቹ አንዳንዴ እኩል ይወጣሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ እኩል ይወድቃሉ። ማታ የፊት መብራት ሲያበሩ መርፌዎቹ ቦታቸውን ይለቃሉ፣ የዳሽቦርዱ መብራት ደብዝዟል፣ የጣሪያው መብራትም በር ሲከፈት አይበራም። አንድ ባለሙያ ፊውዝ ቀይሮላቸው ለጥቂት ቀን ተስተካክሎ ተመልሶ ተበላሸ፤ ሌላው ደግሞ ጌጆቹ የተሰኩበትን የዳሽቦርድ ሰሌዳ አይተው «ሰሌዳው ሞቷል፣ ሙሉውን ይቀይሩት» አላቸው። እሳቸው ማወቅ የፈለጉት በእርግጥ መቀየር ያለበት የትኛው ዕቃ እንደሆነና እስከዚያው መኪናዋን መንዳት ይችሉ እንደሆነ ነው።

ሁለተኛውን ላስቀድም፤ ምክንያቱም መልሱ ሞተርዎን የሚመለከት ነው። የነዳጅ ጌጅ ባይሠራ በኪሎ ሜትር እየቆጠሩ መንዳት ይቻላል፤ የሞሉትን ሊትርና የሄዱትን ርቀት ጽፈው ከያዙ ቢበዛ መንገድ ላይ የመቆም ስጋት ነው ያለብዎት። የሙቀት ጌጁ ግን እንደዚያ የሚታለፍ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ክፍት ዕቃ ላይ የተጣደ ውኃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አምቆ፣ ብዙውን ጊዜ 0.9 ባር አካባቢ ጨምሮ ስለሚይዝ ነው ውኃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ የሚቆየው። ክዳኑ ያረጀ ወይም ጎማው የደረቀ ከሆነ ይህ ጥበቃ ይቀንሳል፤ በዚህ ላይ ጌጁ የሚዋሽ ከሆነ፣ በለገሃር የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ቆመው ሳለ ሞተሩ ሲግል የሚነግርዎት ነገር የለም ማለት ነው። ውጤቱም የተጣመመ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) እና የተቃጠለ ጋስኬት ነው፤ ይህ ደግሞ ከማንኛውም የኤሌክትሪክ ጥገና በእጅጉ የሚበልጥ ወጪ ነው። ስለዚህ ጌጁ እስኪስተካከል ድረስ ዘወትር ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ውኃ ይመልከቱ፣ የራዲያተሩ ፋን በሰዓቱ መዞሩን ያረጋግጡ፣ ረጅም ዳገትና ረጅም መጨናነቅ ያለበትን መንገድም ይቀንሱ። ሞተሩ ግሎ ሳለ ግን ክዳኑን አይክፈቱት፤ የታመቀው ውኃ ወዲያው ፈልቶ ፊትዎ ላይ ይፈነዳል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ውኃው ፈጽሞ አልቆ ከሆነ የሙቀት ሰንሰሩ በባዶ አየር ውስጥ ስለሚቀር ደህና የሆነ ጌጅ እንኳን መርፌው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ የሞቀ አየር ይሰጥ የነበረው ሂተር ድንገት ቀዝቃዛ ከነፈሰ መርፌውን ሳያምኑ ሞተሩን ያጥፉ።

አሁን ወደ ብልሽቱ እንመለስ። ከላኩልኝ ምልክቶች ሁሉ የሚበልጠው ሁለቱ ጌጆች በአንድ ጊዜ መዛባታቸው ነው። የነዳጁ ሰንሰር ከኋላ መቀመጫው በታች በነዳጅ ታንኩ ውስጥ ነው ያለው፤ የሙቀቱ ሰንሰር ደግሞ ከፊት ሞተሩ ላይ ተጠምዷል። በመካከላቸው የመኪናው ሙሉ ርዝመት አለ ማለት ይቻላል። ሁለቱ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ዓይነት ምልክት ይበላሻሉ ብሎ መገመት ያስቸግራል። የሚጋሩት ነገር ቢኖር ጌጆቹ የተሰኩበት ሰሌዳ የሚያገኘው ኃይልና ኃይሉ ወደ ባትሪ የሚመለስበት መስመር፣ ጋራዥ ውስጥ ግራውንድ የምንለው፣ ብቻ ነው። መብራት ሲበራ መርፌዎቹ የሚናወጡ መሆናቸው ደግሞ ከሁለቱ ወደ ግራውንዱ የበለጠ እንድጠረጥር ያደርገኛል። የጌጆቹና የዳሽቦርዱ አምፖሎች መመለሻ መስመር አንድ ነው፤ ያ መስመር ሲዝግ ወይም ብሎኑ ሲላላ ከአምፖሎቹ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በቀላሉ ወደ ቦዲው (የመኪናው ብረት አካል) መውረድ ያቅተውና በጌጆቹና በሌሎች አምፖሎች በኩል መውጫ ይፈልጋል። አምፖሎቹ የሚደበዝዙትም መርፌዎቹ የሚንቀሳቀሱትም በዚሁ ነው። በአንዳንድ መኪና ላይ ፍሬቻ ሲሰጥ የነዳጁ መርፌ ከፍሬቻው ጋር እኩል ሲዘል የሚታየውም ምክንያቱ ይኸው ነው።

የጣሪያውን መብራት ግን ከዚህ ጋር አልቀላቅለውም። በቶዮታ ላይ የጣሪያው መብራት በሌላ ፊውዝ፣ ቁልፉ ቢጠፋም ሁልጊዜ ኃይል ባለው መስመር ነው የሚሠራው። በአንድ ወቅት መበላሸታቸው አንድ ምክንያት አላቸው ማለት አይደለም። ክረምትና እርጥበት ሁለቱንም ቀስቅሶ ሊሆን ይችላል፤ ፍተሻው ግን ለየብቻ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት መልቲሜትር፣ ባለ 3.4 ዋት ትንሽ አምፖል ከነሶኬቱና ከሁለት ሽቦ ጋር፣ ካቻቢቴ፣ 10 ቁጥር ቁልፍና ቁራጭ የአሸዋ ወረቀት ያዘጋጁ። መኪናዎ ኤርባግ ያለው ከሆነ (የእርስዎ ዓመት ሥሪት ብዙውን ጊዜ የለውም፣ ይህን የሚያነቡ ሌሎች ግን ይኖራቸዋል) በመሪው አካባቢ ማንኛውንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉና ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይጠብቁ፤ ቢጫ ሽፋን ያላቸውን ሽቦዎችና ሶኬቶችም በመልቲሜትር አይንኩ።

የመጀመሪያው ልኬት ባትሪው ላይ ነው፤ ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ተነስቶ ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞው ባትሪውን በደንብ አይሞላም፣ የመብራቱ መደብዘዝም በከፊል ከዚያ ሊሆን ይችላል። ከ15 በላይ ከሆነ አምፖሎችን ያቃጥላል፣ ሰሌዳውን ራሱንም ይጎዳል፤ ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካትዎ በፊት ዲናሞውን ያስተካክሉ።

ቀጥሎ ፊውዞቹን ይመልከቱ። ከሹፌሩ እግር በስተግራ ባለው ሳጥን ክዳን ላይ ስማቸው ተጽፏል፤ ከነሱ መካከል «ጌጅ» የተባለው፣ ብዙውን ጊዜ 10 አምፔር የሆነው፣ ጌጆቹንና የማስጠንቀቂያ መብራቶቹን ይመግባል። «ቴል» የተባለው የኋላ መብራቶችንና የዳሽቦርዱን የሌሊት ብርሃን፣ «ዶም» የተባለው ደግሞ የጣሪያውን መብራት፣ ሰዓቱንና የቴፑን ማስታወሻ ይይዛል፤ ይህኛው በአንዳንድ ሞዴል በኮፈኑ ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ ይገኛል። ፊውዝ በዓይን አይታመንም። ቁልፉን ከፍተው በፊውዙ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች አንድ በአንድ ይለኩ፤ በሁለቱም ላይ የባትሪው ቮልት ከተገኘ ፊውዙ ደህና ነው። ሌላም ፈጣን ማረጋገጫ አለ፤ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ሲከፍቱ የዘይትና የባትሪ ምልክቶች መብራት አለባቸው። ከበሩ ለሰሌዳው ኃይል እየደረሰው ነው። ሁሉም ከጠፉና ጌጆቹም ከሞቱ ግን የጌጅ ፊውዙን ይጠርጥሩ፤ በብዙ ቶዮታዎች የኋላ ማርሽ መብራትም አብሮ ይጠፋል።

የተቃጠለ ፊውዝ ካገኙ መተካት ያለበት በዚያው አምፔር ነው። በ10 ፈንታ 30 ማስገባትን፣ ከዚያም የባሰውን፣ በሲጋራ ብራማ ወረቀት መጠቅለልን፣ በከተማችን ደጋግሜ አያለሁ፣ ሁልጊዜም ያስደነግጠኛል። ፊውዝ የተሠራው ሽቦውን ለመጠበቅ ነው፤ ያ ቀጭን ሽቦ 30 አምፔር ሲያልፍበት ፊውዙ ሳይቀልጥ በፊት ሽፋኑ ይቀልጣል፣ እሳቱም የሚነሳው ከዳሽቦርዱ ውስጥ፣ እጅ ከማይደርስበት ቦታ ነው። የገባው ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ አንድ ቦታ ላይ ሽቦ ቦዲ ነክቷል፤ ያንን መፈለግ እንጂ ፊውዙን ማወፈር ጥገና አይደለም።

ወደ ዋናው ልኬት ደርሰናል፤ በእርስዎ መኪና ላይ መልሱን አገኝበታለሁ ብዬ የማስበውም እዚህ ነው። ብዙ ሰው ግራውንድን የሚፈትሸው ኃይል አጥፍቶ በኦም፣ ማለትም ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበትን መጠን በመለካት፣ ነው፤ ይህ ያታልላል። ከብዙ ክሮቹ አንዲት ክር ብቻ የቀረችው ሽቦ በኦም ስትለካ ደህና ትመስላለች፣ ጭነት ሲመጣባት ግን አትችልም። ስለዚህ ኃይል እያለፈ ሳለ በቮልት ይለኩ። የመልቲሜትሩን ጥቁር ገመድ በረጅም ሽቦ አስረዝመው የባትሪው ኔጌቲቭ ራሱ ላይ ይያዙት፤ ቀዩን ደግሞ ከሰሌዳው ጀርባ የግራውንድ ሽቦው (በቶዮታ ላይ ብዙውን ጊዜ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበት ነው) ሶኬቱ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ ያድርጉ። ሞተሩን ያስነሱ፣ የፊት መብራቱን፣ የሂተሩን ፋንና የዝናብ መጥረጊያውን በሙሉ ያብሩ፣ ከዚያ ያንብቡ። ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው። ከ0.2 ካለፈ ችግር አለ፤ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ደግሞ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ቀይ ገመዱን ደረጃ በደረጃ ወደ ባትሪው እያቀረቡ ይምጡ። በመጀመሪያ ከሹፌሩ ግራ እግር አጠገብ ካለው የፕላስቲክ ሽፋን ጀርባ የግራውንድ ሽቦዎቹ በአንድ ብሎን የታሰሩበትን ቦታ ይለኩ፤ ቀጥሎ ከብሎኑ አጠገብ ቀለሙ የተፋቀ ባዶ ቦዲ፣ ከዚያ ከባትሪው ወደ ቦዲ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ጫፍ፣ በመጨረሻም ሞተሩን ከቦዲ የሚያገናኘው ሽቦ። ቮልቱ ድንገት የወረደበት ቦታና ከሱ በፊት የነበረው ቦታ መካከል ነው ብልሽቱ የተቀመጠው።

በእኔ ልምድ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ያ የእግር ሥር ብሎን ላይ ነው። ሽፋኑን ሲያነሱ ከላይ ብሎኑ ደህና ይመስላል፤ በ10 ቁጥር ቁልፍ ሲፈቱት ግን ሁለት ሦስት ሽቦ የተጨመቀበት የቀለበት ጫፍ ከሥሩ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት አልብሶ ይወጣል፤ ቦዲው ላይም ክብ የዝገት ማኅተም ታትሞ ያገኙታል። ቀለበቱን በሁለቱም በኩል፣ ቦዲውንም እስኪያበራ ድረስ በአሸዋ ወረቀት ይፈትጉ፣ የብሎኑን ጥርስ ያጽዱ፣ አጥብቀው ይመልሱት፣ ከታሰረ በኋላም ከላይ ግሪስ ይቀቡት። ቀለበቱ ውስጥ የገባው ሽቦ ራሱ ጠቁሮ ከተሰባበረ ቆርጠው አዲስ ጫፍ በፒንሳ ጨምቀው፣ በካውያና በሊድ በይደው ይሥሩት።

ጽዳቱን ከመጀመርዎ በፊት እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ አንድ አስተማማኝ ሙከራ አለ። አንድ ረጅም ሽቦ ወስደው ከሰሌዳው የግራውንድ ሽቦ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ያገናኙ። መርፌዎቹ ከረጉና የዳሽቦርዱ መብራት ከደመቀ፣ ሰሌዳው አለመሞቱን በዓይንዎ አይተዋል። «ሙሉውን ይቀይሩት» ላሉዎት ባለሙያም ይህን ቢያሳዩአቸው መልካም ነው፤ ክርክር ሳይኖር ነገሩ ያልቃል። የመጀመሪያው ባለሙያ የቀየሩት ፊውዝ ለጥቂት ቀን የሠራ የመሰለውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም፤ የፊውዝ ሳጥኑና ያ ብሎን ጎረቤት ናቸው፣ እጃቸው ሲገባ ሽቦዎቹ ተነቃንቀው ለጊዜው ገጠሙ።

ብሎኑ ለምን እንደዛገ ሳይታወቅ ግን ሥራው አላለቀም። የወለሉን ምንጣፍ በሹፌሩ በኩል አንስተው ሥሩን በእጅዎ ይዳስሱ። እርጥብ ከሆነ ውኃው የሚገባበትን ይፈልጉ። በከተማችን መሀል ዛፍ ሥር የሚያድሩ መኪኖች ከፊት መስታወቱ ግርጌ ያለው የውኃ መውረጃ በቅጠል ይደፈንና የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ወደ ውስጥ ይመለሳል። የበር ጎማ ሲደርቅ፣ የፊት መስታወት ተቀይሮ ማጣበቂያው በደንብ ሳይያዝ ሲቀርም እንዲሁ ነው። ላቫጆ ላይ ደግሞ በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው ውኃ በቀጥታ ወደ ሞተሩ፣ ወደ በር መዝጊያውና ወደ ፊውዝ ሳጥኑ እንዳይደረግ አስቀድመው ይንገሩ፤ ከኮፈን ሥር የታጠበች መኪና በማግስቱ በጌጅ ብልሽት ስትመጣ ማየት የተለመደ ነው።

ግራውንዱ ደህና ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም ተስተካክሎም አንደኛው ጌጅ ብቻውን ካልሠራ፣ ያኔ ወደ ሰንሰሮቹ ይሂዱ። በዚህ ዓይነት ቶዮታ ላይ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በነዳጅ ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ሲወርድ መቋቋሙ ይጨምራል፣ ሲወጣ ይቀንሳል። ታንኩ ሙሉ ሲሆን 3 ኦም አካባቢ፣ ግማሽ ሲሆን ከ30 ኦም ጥቂት የሚበልጥ፣ ባዶ ሲሆን 110 ኦም አካባቢ ይለካል። የሙቀቱ ሰንሰርም ሲሞቅ መቋቋሙ ይቀንሳል። ስለዚህ የሰንሰሩን ሶኬት ነቅለው ቁልፉን ሲከፍቱ መርፌው ወደ ታች መውረድ አለበት። ከዚያ ያንን ባለ 3.4 ዋት አምፖል በሰንሰሩ ሽቦና በቦዲ መካከል ያገናኙ፤ አምፖሉ ይበራል፣ መርፌውም ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ከሆነ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፣ ችግሩ ሰንሰሩ ነው። መርፌው ካልተነሳ ሽቦው ወይም ጌጁ ነው። ሽቦውን ያለ አምፖል በቀጥታ ቦዲ ላይ የሚያስነኩ አሉ፤ የጌጁን ቀጭን ጥቅል ሊያቃጥል ስለሚችል አልመክረውም። የሌሎች አምራቾች መኪኖች ላይ ቁጥሮቹ የተለያዩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ስለሚሠሩ የቶዮታን ቁጥር ለሁሉም አይጠቀሙበት።

የነዳጁን ሰንሰር ሲፈትሹ መኪናዋ ደጅ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ትቁም፤ ሲጋራም፣ የሚያስፈነጥር ሽቦም አጠገብ አይኑር፤ ሙከራውንም ከኋላ መቀመጫው ሥር ባለው ሶኬት ላይ ያድርጉ እንጂ ታንኩን ከፍተው አይደለም። ደግሞም ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወርዱ የነዳጁ መርፌ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ብልሽት አይደለም፤ ነዳጁ ራሱ በታንኩ ውስጥ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ነው። ሜዳ ላይ ሲደርሱ ተመልሶ ከቆመ አይጨነቁ።

ሰሌዳው ራሱ መፈታት የሚኖርበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጀርባውን ሲያዞሩት በቀጭን ፕላስቲክ ላይ የተለጠፈ የመዳብ መስመር ያያሉ፤ ኤሌክትሪኩ ወደ እያንዳንዱ ጌጅና አምፖል የሚሄደው በሱ ነው። ጌጆቹ የተያዙባቸው ትንንሽ ብሎኖች በዘመን ብዛት ይላላሉ፤ አንዳንዴ እነሱን አንድ ሩብ ዙር ማጥበቅ ብቻ በቂ ይሆናል። መስመሩ የቡናማ ጠባሳ ካለበት ወይም ከፕላስቲኩ ከተላቀቀ በቀጭን ሽቦ ድልድይ ሊሠራለት ይችላል። በአሮጌዎቹ ሰሌዳዎች ላይ ለሁለቱ ጌጆች የሚሄደውን ቮልት የሚቀንስና የሚያረጋጋ ትንሽ ዕቃ አለ፤ እሱ ሲበላሽ፣ ወይም የራሱን ግራውንድ ሲያጣ፣ ሁለቱም መርፌዎች ሳይናወጡ ሁልጊዜ ከፍ ብለው ይቀራሉ። የእርስዎዎቹ ግን ስለሚወጡም ስለሚወርዱም፣ መብራት ሲበራም ስለሚነቃነቁ፣ ይህን በሁለተኛ ደረጃ ነው የምጠረጥረው። ሰሌዳውን ሲያወጡ ከጀርባው የሚገባውን የኪሎ ሜትር ኬብል በኃይል አይጎትቱ፤ መያዣውን ተጭነው ይልቀቁት።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000ዎቹና ከዚያ ወዲህ ለተሠሩ መኪኖች ነገሩ ይለያል። መርፌዎቹን ትንንሽ ሞተሮች ያንቀሳቅሷቸዋል፣ መረጃውም በኮምፒዩተር መስመር ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜም ብልሽቱ ቦርዱ ላይ ያለ የተሰነጠቀ ብየዳ ነው። እዚያ ላይ አስቀድሞ በዲያግኖስቲክ መሣሪያ ማንበብ ያስፈልጋል። ኃይልና ግራውንድን ቀድሞ መለካት ግን በነሱም ላይ አይቀርም።

የዳሽቦርዱ መብራት ግራውንዱ ከተስተካከለ በኋላም ደብዛዛ ከሆነ መጀመሪያ የብርሃን መቆጣጠሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግመው ያንቀሳቅሱት፤ ውስጡ ያለው መገናኛ አቧራ ይይዛል። ካልረዳ አምፖሎቹን ያውጡ። ጥቁር ጥላሸት ከውስጥ የለበሰ አምፖል ቢበራም ብርሃኑ አልቋል። በኤልኢዲ መተካት ይቻላል፤ ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ስለሚለይ ካልበራ ገልብጠው ይሰኩት። የባትሪ ማስጠንቀቂያውን አምፖል ግን እንደነበረው ይተዉት፤ በብዙ መኪኖች ዲናሞው ሥራ እንዲጀምር የሚያደርገው ኃይል በዚያ አምፖል በኩል ስለሚያልፍ ኤልኢዲ ሲገባበት ዲናሞው በዝቅተኛ ዙር መሙላት ሊያቅተው ይችላል።

የጣሪያው መብራት ፍተሻ ቀላል ነው። ማብሪያውን ሁልጊዜ የሚበራበት ቦታ ላይ ያድርጉት። ከበራ አምፖሉም ፊውዙም ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ የበሩ ማብሪያ ላይ ነው። ካልበራ የዶም ፊውዙን ይለኩ፣ አምፖሉን ያውጡ፣ ሁለቱን የብረት መያዣዎች ቀረብ አድርገው ይመልሱት። የበሩ ማብሪያ የበሩ ምሰሶ ላይ ጎማ የለበሰችው ቁልፍ ናት፤ ግራውንድ የምታገኘው በያዛት ብሎን በኩል ብቻ ስለሆነ ብሎኑ ሲዝግ ሥራዋን ታቆማለች። ብሎኑን ፈትተው ሽቦዋን ቦዲ ያስነኩ፤ መብራቱ ከበራ ማጽዳት ወይም መቀየር ያለበት እሷ ናት። ሽቦዋ ወደ ውስጥ እንዳትገባብዎት አስቀድመው ይያዙት። በተቃራኒው መብራቱ አልጠፋ ካለም ችላ አይበሉት፤ ባለ 10 ዋት አምፖል 0.8 አምፔር ገደማ ስለሚወስድ 45 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ ከሁለት ቀን ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ያራግፈዋል።

የዶም መስመር ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከቱ። አላርም፣ ቴፕና ጂፒኤስ የሚገጥሙ ሰዎች ሁልጊዜ ኃይል ያለበት ሽቦ ሲፈልጉ የሚወስዱት ከዚሁ ነው፤ ሽቦውን ላጥ አድርገው፣ ጠምዝዘው፣ በናስትሮ ይጠቀልሉታል። ናስትሮው በሙቀት ይላቀቃል፣ የተጠመዘዘውም ይላላል። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ካገኙ ፈትተው በሊድ ይበይዱት፣ የሚኮማተር ቱቦም ያልብሱት። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ በተዛወረ መኪና ላይ ደግሞ የዳሽቦርዱ ሽቦዎች በሙሉ ተቀጥለው የተረዘሙ ሊሆኑ ስለሚችሉ እያንዳንዱን መጋጠሚያ መመርመር ግድ ነው፤ እዚያ ላይ የፋብሪካው የሽቦ ቀለምም ላይጠብቅ ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርገው ሰሌዳው በእርግጥ መቀየር ካለበት፣ ሶማሌ ተራ ለእርስዎ ዓይነት ኮሮላ ያገለገለ ሰሌዳ መፈለግ ይችላሉ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ ያሉንን መኪኖች ጠግኖ ማቆየት የግድ ሆኗል፤ ስለዚህ የራስዎን አሮጌ ሰሌዳ ለሻጩ በልዋጭ አይስጡ፣ ጌጆቹ ለየብቻ መለዋወጫ ይሆናሉ። ሲገዙ የራስዎን ፈትተው ይዘው ይሂዱ። የሶኬቶቹን ቁጥርና ቅርጽ፣ የኪሎ ሜትር ኬብሉን መግቢያ፣ የሞተር ዙር መቁጠሪያ ያለውና የሌለው መሆኑን፣ ማርሹ ማንዋል ወይም አውቶማቲክ መሆኑን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያመሳስሉ። ጀርባው ላይ የመዳቡ መስመር ጠባሳ የሌለበትን ይምረጡ፤ ከተቻለም እዚያው ባትሪ አስነክተው መርፌዎቹ መነሳታቸውን ይዩ። የሚገዙት ሰሌዳ ላይ ያለው ኪሎ ሜትር ከራስዎ ስለሚለይ ሁለቱንም ቁጥሮች ከነቀኑ ጽፈው ከመኪናው ሰነድ ጋር ያስቀምጡ፤ የዘይት መቀየሪያዎን ለማስላትም፣ ወደፊት ለሚገዛዎት ሰው እውነቱን ለመንገርም ያስፈልግዎታል። የግራውንዱን ልኬት ሲያደርጉ ያገኙትን ቮልት፣ መብራት ጠፍቶም በርቶም፣ ጽፈው ቢልኩልኝ ቀጣዩን እርምጃ በዚያ ላይ ተመሥርቼ እነግርዎታለሁ።